የጭነት ባቡር ጉልበትና አሠራር፦ ከጅቡቲ ወደብ በሞጆ በኩል ወደ ወላይታ ለሚጓዝ ጭነት

በወላይታ ሶዶ ከተማና በወላይታ ዞን ወረዳዎች የሚገኙ አርሶ አደሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ነጋዴዎችና አምራቾች ከውጭ የሚገባ ማዳበሪያ፣ ማሽነሪ፣ የግንባታ ዕቃና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይጠቀማሉ። ቡናን የመሳሰሉ ምርቶችንም ለውጭ ገበያ ያቀርባሉ። የሀገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ በመሆኑ፣ የዚህ ጭነት አንድ ክፍል በኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር መስመር ይጓጓዛል።

የባቡር መስመሩ ወላይታ ሶዶ አይደርስም። ለዞኑ ቅርብ የሆነው ዋና የባቡር ጭነት መረከቢያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። በመሆኑም የዞኑ የጭነት ባለቤት ሁለት የተለያዩ ጉዞዎችን አገናኝቶ ማቀድ ይኖርበታል፤ አንደኛው በሐዲድ፣ ሁለተኛው በመኪና ነው። ይህ ጽሑፍ ባቡሩን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ፣ ጉዞው እንዴት እንደሚመራ፣ እንዲሁም የጭነት ባለቤቶች ከዚህ ተነሥተው ምን ማዘጋጀት እንደሚገባቸው ያብራራል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በ25 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ይሠራል።
• የጭነት ሎኮሞቲቮቹ እያንዳንዳቸው 7,200 ኪሎ ዋት ጉልበት አላቸው። የጭነት ባቡር ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው።
• ገቢ ጭነት ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ሞጆ እስኪደርስ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል።
• አንድ ባቡር በአንድ ጊዜ የሚያራግፈውን ጭነት ለማንሣት በርካታ ከባድ መኪኖች ያስፈልጋሉ። በሐዲድ የተገኘው ፍጥነት የሚባክነው ብዙውን ጊዜ እነዚህ መኪኖች በጊዜው ሳይቀርቡ ሲቀሩ ነው።

የመስመሩ አጭር ታሪክ

በኢትዮጵያ የባቡር ታሪክ የሚጀምረው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት የግንባታ ፈቃድ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩን የሚጎትቱት በእንፋሎት የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ነበሩ። እነዚህ በየተወሰነ ርቀት ውኃ መሙላት ነበረባቸው፤ መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ ውኃ በሚያጥርበት ቆላ ስለነበር አቅርቦቱ ለአሠራሩ ትልቅ ፈተና ነበር። ኋላ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ሲገቡ የውኃው ችግር ተቃለለ። ሆኖም ነዳጁ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ከመሆኑ በተጨማሪ፣ የናፍጣ ሞተር በደጋ አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ የሚቀንስበት ሁኔታ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው መስመር በአዲስ መልክ የተገነባ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የኢትዮጵያ ክፍል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የጅቡቲ ክፍል ደግሞ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቀዋል። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የተጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። መስመሩን የሚያስተዳድረው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ድርሻ 75 በመቶ፣ የጅቡቲ ድርሻ 25 በመቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ አመራሩን ይዘው የቆዩት መስመሩን የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ ለአክሲዮን ማኅበሩ ተላልፏል።

ሎኮሞቲቩ እንዴት ይሠራል?

ሎኮሞቲቭ ማለት ፉርጎዎችን የሚጎትተው፣ ሞተር ያለው የባቡሩ ክፍል ነው። ፉርጎዎቹ የራሳቸው ሞተር የላቸውም። አገልግሎቱ ሲጀመር 35 የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች የቀረቡ ሲሆን፣ 32ቱ ለጭነት፣ 3ቱ ለመንገደኞች ባቡር የተመደቡ ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ 6 የናፍጣ ሎኮሞቲቮችና 1,100 የጭነት ፉርጎዎች ቀርበዋል።

የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቩ ነዳጅ ተሸክሞ አይጓዝም። በጣሪያው ላይ ያለው ተጣጣፊ ክንድ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ እየነካ 25 ኪሎ ቮልት ኃይል ይቀበላል። በሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ይህን ከፍተኛ ቮልቴጅ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያም የኃይል መለወጫ መሣሪያዎች ለሞተሮቹ በሚስማማ መልክ ያቀርቡታል። የጭነት ሎኮሞቲቩ ስድስት ጥንድ ጎማዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱን ጥንድ የሚያሽከረክር የየራሱ ሞተር አለ። የአንዱ ሞተር ጉልበት 1,200 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ የስድስቱ ድምር 7,200 ኪሎ ዋት ወይም ወደ 9,700 የፈረስ ጉልበት ነው።

ጉልበት ብቻውን ግን ባቡር አያንቀሳቅስም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ሎኮሞቲቩ ራሱ ከባድ መሆን አለበት። ክብደቱ ጎማዎቹን ሐዲዱ ላይ አጥብቆ ስለሚይዛቸው የሞተሩ ጉልበት ወደ ጉተታ ይለወጣል። ሐዲዱ በዝናብ ሲርስ ወይም በቅባት ሲቆሽሽ አሽከርካሪው ከጎማው ፊት ደረቅ አሸዋ እንዲፈስስ ያደርጋል፤ ይህም ጎማው ሐዲዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ይረዳል።

የናፍጣ ሎኮሞቲቮቹ የሚያገለግሉት በጣቢያና በወደብ ግቢ ውስጥ ፉርጎዎችን ለመለየት፣ ለመቀጣጠልና ወደ መጫኛ ሐዲድ ለማስገባት ነው። ክሬን ኮንቴይነር በሚያነሣበት ሐዲድ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ሽቦ መዘርጋት አደገኛ ስለሆነ፣ በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ መሥራት አይችልም። በመሆኑም ባቡሩ ጣቢያ ደረሰ ማለት ጭነቱ ወዲያውኑ ለመረከብ ዝግጁ ሆነ ማለት አይደለም። ፉርጎዎቹ ተለይተው ወደ ማራገፊያው እስኪገቡ ድረስ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋል።

ከባሕር ወደ ደጋ፦ ዳገቱ የሚጠይቀው ጉልበት

ባቡር በሜዳ ላይ በእጅጉ ቀላል ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል መጓተቱ አነስተኛ በመሆኑ፣ አንድ ቶን ክብደትን በደልዳላ ሐዲድ ላይ ለማንቀሳቀስ 2 ኪሎ ግራም ያህል ጉተታ ይበቃል። ዳገት ላይ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የመስመሩ ከፍተኛ ዳገት በሺህ 18.5 ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ጉዞ 18.5 ሜትር ከፍታ መውጣት ማለት ነው። በዚህ ዳገት ላይ ለአንድ ቶን የሚያስፈልገው ጉተታ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ለመኪና መንገድ እዚህ ግባ የማይባል ዳገት፣ ለባቡር የጉተታ ፍላጎቱን በዐሥር እጥፍ ያሳድገዋል።

በዚህ ስሌት ጠቅላላ ክብደቱ 2,000 ቶን የሆነ ባቡር ዳገቱን ለመውጣት ወደ 41 ቶን የሚደርስ ጉተታ ያስፈልገዋል። ይህን አንድ ሎኮሞቲቭ ሊወጣው ይችላል፤ 7,200 ኪሎ ዋቱን ሙሉ በሙሉ ቢጠቀም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ክብደቱ 3,000 ቶን ለሆነ ባቡር ግን ወደ 62 ቶን ጉተታ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ከፍተኛው ጉተታ ከ50 እስከ 60 ቶን ባለው ውስጥ ስለሚወሰን፣ ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ መቀጠል ወይም ፉርጎ መቀነስ ግድ ይሆናል። የጭነቱ ክብደት በትክክል መመዝገብ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሰነድ ላይ አንሶ የተጻፈ ክብደት ዳገት ላይ መገለጡ አይቀርም።

መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ይወጣል፤ በአዋሽ ሸለቆ ዝቅ ብሎ ደግሞ ወደ አዳማና ሞጆ እንደገና ይወጣል። የሀገሪቱ ከባድ ጭነት ገቢ ጭነት በመሆኑ፣ ሎኮሞቲቮቹ ከፍተኛ ጉልበት የሚያወጡት ወደ መሀል አገር ሲመጡ ነው። በመልሱ ጉዞ የወጪ ምርት ወይም ባዶ ኮንቴይነር ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ።

የአንድ ቶን ጭነትን ከባሕር ጠለል ወደ ሞጆ ከፍታ ለማንሣት ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ይህ የፉርጎውን ክብደት፣ የጎማውን መጓተትና በመንገድ የሚባክነውን ኃይል ሳይጨምር ነው። በኩንታል ሲሰላ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሮቹ እንደ ጄነሬተር ሆነው ፍጥነቱን ይገታሉ፤ የሚያመነጩትንም ኃይል ወደ ሽቦው መልሰው ይልካሉ።

ኃይሉ ከየት ይመጣል?

በኢትዮጵያ ክፍል ያሉት ሎኮሞቲቮች የሚጠቀሙት ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ መረብ የሚገኝ ኃይል ነው። የዚህ መረብ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ይመነጫል። በመስመሩ ርዝመት የተተከሉ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች ከብሔራዊው መረብ ተቀብለው ለባቡሩ ሽቦ ያቀርባሉ።

በዚህ ረገድ የወላይታ ዞን ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተገነባው የግልገል ጊቤ 3 የኃይል ማመንጫ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ዐሥር ተርባይኖች ያሉት ሲሆን የእያንዳንዱ አቅም 187 ሜጋ ዋት ነው። በሙሉ ጉልበት የሚሠሩ 25 የጭነት ሎኮሞቲቮች በአንድ ጊዜ የሚፈልጉት ኃይል 180 ሜጋ ዋት በመሆኑ፣ የአንድ ተርባይን አቅም ለእነዚህ ይበቃል። ወላይታ ሶዶ የሀገሪቱ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መገናኛም ናት። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ወደ ኬንያ የሚዘልቀው 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ እንዲችል ሆኖ የተገነባ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀምሯል።

በአንድ መረብ ውስጥ የገባ ኃይል ይህ የዚህኛው ግድብ ነው፣ ያኛው የዚያኛው ነው ተብሎ ሊለይ አይችልም። ቢሆንም ከኦሞ ሸለቆ የሚመነጨው ኃይል ከጅቡቲ የሚመጣውን ማዳበሪያ ከሚስበው የኃይል ቋት ውስጥ አንዱ መሆኑ እሙን ነው። የመረቡ ኃይል ሲቋረጥ ባቡሩም ስለሚቆም፣ የኤሌክትሪክ መሠረተ ልማት ደኅንነት በቀጥታ የጭነት ጊዜን ይነካል።

ጉዞው እንዴት ይመራል?

ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ድርብ ሐዲድ አለው፤ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ያለው ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጓዙ ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት በተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ ነው። አንዱ ደርሶ ወደ ጎን ሐዲድ እስኪገባ ሌላው መጠበቅ አለበት። መስመሩ በክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ሳለ ሌላ እንዳይገባ በምልክት መብራት ይከለከላል። ይህን ሁሉ የሚከታተለው የሥምሪት መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። የአንድ ባቡር መዘግየት ከኋላው ያሉትንና ከፊት ለፊቱ የሚመጡትን ጭምር የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

የባቡሩ ፍሬን በታመቀ አየር ይሠራል። ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ የተዘረጋ የአየር ቱቦ አለ። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሙሉ ሲሆን ፍሬኑ ይለቃል፤ አየሩ ሲቀንስ ይይዛል። ፉርጎ ቢበጠስ ወይም ቱቦው ቢቀደድ አየሩ ስለሚወጣ ባቡሩ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ ይፈተሻል። ባቡሩ ተቀጣጥሎ ካበቃ በኋላ ወዲያው የማይነሣው አንድም ለዚህ ነው።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጭነት የያዘ ባቡር አሽከርካሪው ፍሬን ከያዘ በኋላም ብዙ መቶ ሜትሮች ሳይጓዝ አይቆምም። ከመንገዱ ፈቀቅ ማለትም አይችልም። በመስመሩ አካባቢ በተለይ በአርብቶ አደር ቀበሌዎች ከብቶችና ግመሎች ወደ ሐዲድ እየገቡ የሚደርሰው ግጭት፣ እንዲሁም በመስመሩ መሣሪያዎች ላይ የሚፈጸም ስርቆት ጉዞን ከሚያስተጓጉሉ ምክንያቶች መካከል ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከልም ባቡሩ ያለ መሰናክል ሲጓዝ ከጅቡቲ እስከ መሀል አገር ያለውን ርቀት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይሸፍናል።

ከሞጆ እስከ ወላይታ ሶዶ፦ የሁለተኛው ጉዞ

የአንድ ፉርጎ አቅም ከመኪና ጋር ሲነጻጸር የሥራው ስፋት ግልጽ ይሆናል። ሐዲዱ በአንድ ጥንድ ጎማ ላይ 25 ቶን እንዲሸከም ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ አራት ጥንድ ጎማ ያለው ፉርጎ ከነጭነቱ እስከ 100 ቶን ሊመዝን ይችላል። የፉርጎው ክብደት ሲቀነስ 70 ቶን ወይም 700 ኩንታል ያህል ጭነት ይቀራል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና በተለምዶ 400 ኩንታል ይጭናል። 2,000 ቶን የተጣራ ጭነት ይዞ የሚመጣ አንድ ባቡር ማዳበሪያ ለማንሣት 50 እንዲህ ያሉ መኪኖች ያስፈልጋሉ።

በወላይታ የበልግ እርሻ የሚዘራው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። ማዳበሪያ ወደብ ላይ በጊዜው ደርሶ፣ ባቡሩም በጊዜው ተጉዞ፣ ሞጆ ላይ መኪና በመጠበቅ አንድ ሳምንት ቢያልፍ አርሶ አደሩ የዝናቡን ወቅት ሊያጣ ይችላል። ሎኮሞቲቩ ያተረፈው ጊዜ ባክኖ ቀረ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ለዞኑ ተገልጋዮች ዋናው የዝግጅት ነጥብ ከሞጆ ቀጥሎ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው።

ከሞጆ ወደ ሶዶ ጭነት የሚጓዘው በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ በሀላባ ቁሊቶና በቦዲቲ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ አካባቢ የሚነሣ ጭነት በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በአረካ በኩል ያለውን መንገድ ሊመርጥ ይችላል። የትኛው መንገድ ይሻላል የሚለው በጭነቱ መነሻ፣ በወቅቱ የመንገድ ሁኔታና በመኪናው ዓይነት ይወሰናል።

የጭነት ባለቤቶች ሊያዘጋጁት የሚገባ

1. የግዥ ውል ሲፈጸም ጭነቱ በመልቲሞዳል ሥርዓት ወይም በሌላ ሥርዓት እንደሚጓዝ አስቀድሞ መወሰን። በመልቲሞዳል ሥርዓት ከወደብ እስከ ደረቅ ወደብ ያለውን ጉዞ አጓጓዡ ድርጅት በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ያስተባብራል፤ ባለቤቱም ጭነቱን የሚረከበው በደረቅ ወደቡ ይሆናል።

2. የንግድ ደረሰኝ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የማጓጓዣ ሰነድ፣ የባንክ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ለጉምሩክ አስተላላፊው ማስረከብ። የሰነድ ጉድለት ያለበት ጭነት ሞጆ ቢደርስም ከግቢው አይወጣም።

3. ትክክለኛ ክብደት ማስመዝገብ። ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ዕቃ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ እንዳይሆን፣ በጉዞ ላይም እንዳይንሸራተት አስተካክሎ ማሰር ያስፈልጋል።

4. የመኪና ውል ከባቡሩ መድረሻ ቀን አስቀድሞ መፈጸም። ብዛት ያለው ጭነት የሚጠብቁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መኪኖችን በአንድ ቀን ሁሉ ከማቅረብ ይልቅ፣ ከማራገፊያው አቅም ጋር በሚስማማ ተራ ቢያቀርቡ መጨናነቅን ይቀንሳሉ።

5. የኮንቴይነር ነፃ ቀናትንና የባዶ ኮንቴይነር መመለሻ ቦታን ከውሉ ላይ ማረጋገጥ። ወደ ሶዶ የተወሰደ ኮንቴይነር ተራግፎ የሚመለስበት ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ መካተት አለበት።

6. የወጪ ምርት ለሚልኩ፦ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ ባለ 60 ኪሎ ግራም 320 ጆንያ ቡና ወይም ከ19 ቶን ትንሽ የሚበልጥ ይይዛል። ይህን መጠን ለብቻ መሙላት የማይችሉ አቅራቢዎች በማኅበር ተቀናጅተው ቢልኩ የባቡሩን አገልግሎት ለመጠቀም ይመቻቸዋል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ባቡር ወላይታ ሶዶ ይደርሳል?

በአሁኑ ጊዜ አይደርስም። በሀገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ መስመር ተካቷል፤ ሆኖም አልተገነባም። ስለዚህ የጭነት ዕቅድ በሞጆ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል።

ለባቡር የአካባቢው መልክዓ ምድር ምን ይጠይቃል?

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአባያ ሐይቅ ዳርቻ ከዚህ በ800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በኢትዮ-ጅቡቲ መስመር የዳገት ልክ፣ ማለትም በሺህ 18.5፣ ይህን ከፍታ ለመውጣት ከ43 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ሐዲድ ያስፈልጋል። መኪና በአጭር ጠመዝማዛ የሚወጣውን ዳገት ባቡር የሚወጣው ረጅም ዙሪያ ተጉዞ፣ ድልድይና ዋሻ ተሠርቶለት ነው።

የባቡር ትራንስፖርት ሁልጊዜ ከመኪና ይሻላል?

በጭነቱ ይወሰናል። ብዛት ያለው፣ ክብደት ያለውና ረጅም ርቀት የሚጓዝ ጭነት ለባቡር የተስማማ ነው። ጥቂት፣ አስቸኳይና በቀጥታ ከበር እስከ በር መድረስ ያለበት ዕቃ ግን ሁለት ጊዜ ከማውረድና ከመጫን በመኪና ቢሄድ ሊቀል ይችላል። የጭነት ባለቤት ሲያወዳድር የሐዲዱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማራገፊያውን፣ የመጋዘኑንና ከሞጆ በኋላ ያለውን የመኪና ዋጋ ጭምር መደመር አለበት።

ባቡሩ መቼ እንደሚደርስ እንዴት ይታወቃል?

የባቡሩን ሥምሪት የሚያውቀው የባቡር አክሲዮን ማኅበሩ፣ የኮንቴይነሩን ሁኔታ የሚከታተለው ደግሞ አጓጓዡ ድርጅት ነው። የኮንቴይነር ቁጥርና የማጓጓዣ ሰነድ ቁጥር በእጅ መያዝ ለማንኛውም ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

የደኅንነት ማሳሰቢያ

ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ኪሎ ቮልት የተሸከመ ነው። ይህን ያህል ቮልቴጅ ያለውን ሽቦ መንካት ብቻ ሳይሆን መቅረብም ለሞት ያደርሳል። ባቡር በአካባቢው ባይታይም ሽቦው ኃይል እንዳለው መቆጠር አለበት። ጭነት ለመረከብ ወደ ጣቢያ የሚሄዱ አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶችና የጉልበት ሠራተኞች በሽቦው ሥር ኮንቴይነር ወይም የመኪና ጭነት ላይ መውጣት፣ ረጅም ብረት ወይም ዘንግ ማንሣት የለባቸውም። በሐዲድ ላይ መሄድ፣ ከቆሙ ፉርጎዎች ሥር ሾልኮ ማለፍና በፉርጎዎች መካከል መሻገር ክልክል ነው። የቆመ የሚመስል ፉርጎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ማጠቃለያ

የጭነት ባቡር አቅም የሚለካው በሎኮሞቲቩ ኪሎ ዋት ብቻ አይደለም። ጭነቱ ከመርከብ ወርዶ የአርሶ አደሩ ማሳ ወይም የነጋዴው መጋዘን እስኪደርስ በሚያልፍባቸው እጆች ሁሉ ቅንጅት ይለካል። ሎኮሞቲቩ ከባሕር ጠለል እስከ ሞጆ ያለውን ዳገት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው በሰነድ ዝግጁነት፣ በመኪና አቅርቦትና በጊዜ አጠቃቀም ይወሰናል። የወላይታ ዞን ተገልጋዮች ይህን የጉዞውን ክፍል አስቀድመው ካቀዱ፣ ሐዲዱ ሶዶ ባይደርስም ጥቅሙ ግን ይደርሳቸዋል።